ጥቁሩ ልብስ ሐዘን አይደለም

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ልጄ በስልኳ የድሮ የሆላንድ ሥዕሎች አሳየችኝ። ወንዱም ሴቱም ጥቁር በጥቁር ነው። እኛ አገር እንዲህ የሚለበሰው ሰው ሲሞት ነው። ሁሉም ሐዘንተኞች ነበሩ? ደግሞ ባለ ትልቅ ባርኔጣ፣ ሪዙ ወደ ላይ የተጠቀለለ አንድ ሰውዬ አለ። የእጅጌው ጥልፍ ዓይኔን አልለቅ አለው። ሠዓሊው ክሩን አንድ በአንድ ነው የሣለው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎ በጣም ደስ ብሎኛል። ደሴ ላይ ሥዕል ሳስተምር ተማሪዎቼ ቀድመው የሚያዩት ፊቱን ነው። እርስዎ ግን ጨርቁን አዩ። የእነዚህ ሥዕሎች ግማሽ ወሬ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ሐዘን አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንድ ጥቁር የሀብታምና የጨዋ ሰው ልብስ ነበር። ከከተማው ባለጠጎች ብዙዎቹ ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ ደማቅ ቀለም የልታይ ባይ ሥራ ይመስላቸዋል። ግን ጥቁሩ ርካሽ እንዳይመስልዎት። ቶሎ የማይለቅ፣ ድምቅ ያለ ጥቁር ለማግኘት ጨርቁን መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ከዚያ በላዩ ቀይ ይነክሩታል። በብረት የሚነከረው ርካሹ ጥቁር ከጊዜ በኋላ ጨርቁን ይበላዋል። ስለዚህ የዘመኑ ሰው ጥሩ ጥቁር ሲያይ ጨዋነትንም ገንዘብንም ባንዴ ያያል።

አንገታቸው ላይ ያለው ነጭ ክብ ነገር በስታርች የደረቀ በፍታ ነው። ሃርለም የምትባለው ከተማ በፍታ በማንጣት ስሟ የገነነ ነበር። በፍታው የሚፈተለው ከተልባ ግንድ ነው። ሠዓሊው የሚሥልበት ሸራም የተልባ ነው፤ ቀለሙ የሚለወስበት ዘይትም የተልባ ፍሬ ዘይት ነው። ያው እኛ በጾም የምንበጠብጠው ተልባ! ይህን ነገር ለተማሪዎቼ ሁሌም እነግራቸዋለሁ።

ያሉት ሰውዬ የሃርለሙ ሠዓሊ ፍራንስ ሃልስ እ.ኤ.አ. በ1624 የሣለው መሆን አለበት። አሁን ያለው ለንደን፣ ዋላስ ስብስብ የሚባል ሙዚየም ውስጥ ነው። «የሚስቀው ፈረሰኛ» የሚለው ስም የወጣለት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። የተሣለው ሰውዬ ዕድሜ 26 መሆኑ ሥዕሉ ላይ ተጽፏል። እስቲ እጅጌውን አስጠግተው ይዩት። ንቦች አሉ። ቀስቶች አሉ። እሳት የሚተፋ ቀንድ አለ። የፍቅረኞች ቋጠሮም አለ። ሁሉም የፍቅር ምልክቶች ናቸው፤ ንብ ማርም አላት፣ መውጊያም አላት። የዘመኑ ተመልካች ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አይፈልግም። እኛስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቁ በሁለት ዓይን፣ ክፉው በአንድ ዓይን ተሥሎ ስናይ ማንን እንጠይቃለን?

ሃልስ በ1622 ገደማ የሣላቸው ባልና ሚስትም አሉ፤ አምስተርዳም፣ ራይክስ ሙዚየም። ዛፍ ሥር ዘና ብለው ተቀምጠው ይስቃሉ። በእሷ በኩል ሐረግ፣ በእሱ በኩል እሾሃማ ተክል አለ። ሁለቱም የትዳር ታማኝነት ምልክቶች ናቸው።

ወደ ክሩ ልመለስ። አይ፣ ክር በክር አይደለም። የእጅጌው ጥልፍ ረጋ ተብሎ ነው የተሠራው፤ ሃልስ በስተኋላ በሣላቸው ልብሶች ላይ ግን ብሩሹ ይፈጥናል። ያልደረቀ ቀለም ላይ ሌላ ቀለም ይደርባል። ሲጠጉት ዝም ብሎ ጭረት ነው፤ ራቅ ሲሉ ዳንቴል ይሆናል። ጥቁሩንም ከአንድ ቀለም አያወጣውም። ብርሃን ያረፈበት ከፈይ ወደ ግራጫ፣ እጥፋቱ ውስጥ ያለው ወደ ቡኒ ይሄዳል። የሆላንዱ ሠዓሊ ቫን ጎግ በ1885 ለወንድሙ ሲጽፍ ሃልስ 27 ዓይነት ጥቁር አለው ብሏል። የሃልስ አባት የጨርቅ ሠራተኛ ነበር። ልጁ ጨርቅ ማወቁ እኔን አይገርመኝም።

እንደ ልብስ ሰፊ ግን አንድ ሥዕል እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። ሌላው የሆላንድ ሠዓሊ ሬምብራንት በ1654 የሣለው፣ ያን ሲክስ የሚባል ሰው ነው። ሰውዬው ቀይ ካባ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ጓንቱን እያጠለቀ ነው። ጓንት ያኔ የጨዋ ሰው ምልክት ነው። የካባው የወርቅ ጥብጣብ እያንዳንዱ አንድ የብሩሽ ምት ብቻ ነው። ተሥሎ፣ አልተነካካም። ጓንቱ ላይ ያለው እጅም በጥቂት ሰፋፊ ምቶች ተበጅቶ ቀርቷል፤ ግን ይንቀሳቀሳል። ልጅዎ በስሙ ትፈልግልዎት፤ መጀመሪያ ጥብጣቡን፣ ከዚያ ጓንቱን ይዩ። ሌላ ጥያቄ ካለዎትም ይጻፉልኝ።