ያነበብኩትን በምን ልመዝግብ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ያነበብኳቸውን መጻሕፍት ስልኬ ላይ ልመዝግብ ብዬ ጉድሪድስን ጫንኩ። የአማርኛዎቹን ስፈልግ ግን ግማሾቹ የሉም። የሚሻል አለ? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ የሉም ከማለትሽ በፊት በላቲን ፊደል ፈልጊያቸው። ብዙው አማርኛ መጽሐፍ የተመዘገበው በላቲን ነው፤ ያውም ሁሉም እንደመሰለው ጽፎት። አንዱ «ጸ»ን በሁለት ፊደል ይጽፋል፣ ሌላው በአንድ። እኔ አንዱን ልቦለድ ሦስት ቦታ ተመዝግቦ አግኝቼዋለሁ።

ጭራሽ ከሌለ የጉድሪድስን በጎ ፈቃደኛ መዝጋቢዎች እንዲያስገቡልሽ ጠይቂ። ዓመተ ምሕረቱን ስትነግሪያቸው ብቻ ተጠንቀቂ። መጽሐፉ ላይ 2010 ቢልሽ በእኛ አቆጣጠር ነው። በፈረንጁ 2017 ወይም 2018 መሆን አለበት። እኔ መጀመሪያ እንዳለ እየገለበጥኩ ስንቱን መጽሐፍ አስረጅቻለሁ!

ስቶሪግራፍ የሚባልም አለ። የጉድሪድስ ዝርዝርሽን ከድረ ገጹ በፋይል አውርደሽ እዚያ መጫን ትችያለሽ፤ አንድ በአንድ መልቀም የለም። ለመጽሐፉ ነጥብ ስትሰጪ ኮከቡን በሩብ በሩብ መከፋፈልም ይቻላል፤ እንደኔ ላለው ቋጣሪ ተስማሚ ነው። ለአማርኛ መጽሐፍ ግን ተአምር አትጠብቂ።

«በዓመት ይህን ያህል አነባለሁ» የሚለውን ዕቅድ እኔ ትቼዋለሁ። 30 ብዬ ጀምሬ፣ የፈረንጁ ዓመት ሊያልቅ ሲል ኅዳር ላይ ቁጥሩ እንዲሞላልኝ ቀጫጭኑን ብቻ እለቅም ነበር።

ያዋስኩትን ግን አሁንም የምጽፈው ደብተር ላይ ነው። አንዱ መስመር «ለወንድሜ፣ ጥር» ይላል። እስካሁን አልተሰረዘም።