የ2015ቱ ሲክስ ኔሽንስ የመጨረሻ ቀን፦ ሦስት ቡድን እኩል ሆኖ ዋንጫው እንዴት ለአየርላንድ ሆነ?

ወንድሜ፣ «ሲክስ ኔሽንስ የሚባለው የስድስት አገሮች የራግቢ ውድድር ፍጻሜ ጨዋታ ከሌለው ሻምፒዮኑ በምን ይለያል? ደግሞስ የሥራ ባልደረቦቼ ሁሌ የሚያነሱት የ2015ቱ የመጨረሻ ቀን ምን የተለየ ነገር ነበረው?» ብለህ ጠይቀሃል። ያኔ የምኖረው የዌልስ ዋና ከተማ ካርዲፍ ነበር። ሦስቱንም ጨዋታ ተከታትዬ ስላየሁ ልመልስልህ። ረዘም ይላል፤ ታገሰኝ።

መጀመሪያ ደንቡ። እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስ፣ አየርላንድ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን እርስ በርስ አንድ አንድ ጊዜ ይጋጠማሉ። ለእያንዳንዱ አምስት ጨዋታ ይደርሰዋል። ያኔ ያሸነፈ 2 ነጥብ፣ አቻ የወጣ 1 ነጥብ ያገኝ ነበር። የቦነስ ነጥብ የሚባለው የመጣው በ2017 ነው። ነጥባቸው እኩል ከሆነ ያስቆጠሩትና የተቆጠረባቸው ተቀናንሶ ይታያል። በኳሱ የግብ ክፍያ የምንለው ማለት ነው። ማንቸስተር ሲቲ በ2012 ዩናይትድን በምን እንደበለጠ ታስታውሳለህ፤ ያው ነው። ራግቢ ላይ ግን ቁጥሩ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። አንድ ትራይ፣ ማለትም ኳሱን ከተጋጣሚው መስመር ማዶ መሬት ላይ ማሳረፍ፣ 5 ነው፣ ከትራዩ በኋላ የሚመታው ከገባ 2 ይጨመራል፣ የቅጣት ምት 3 ነው።

ዱሮ ይሄም አልነበረም። እኩል የወጡ ክብሩን ይጋሩ ነበር። በ1973 ተወዳዳሪዎቹ አምስት አገሮች ነበሩ። አምስቱም ሁለት ሁለት አሸንፈው ሁለት ሁለት ተሸነፉና አምስቱም አንድ ላይ አንደኛ ሆኑ!

ወደ 2015 ልምጣ። ማርች 21፣ በእኛ መጋቢት 12 ቀን 2007፣ ቅዳሜ ነው። እንግሊዝ፣ አየርላንድና ዌልስ ሦስት ሦስት ጨዋታ አሸንፈው፣ አንድ አንድ ተሸንፈው እኩል 6 ነጥብ ይዘዋል። በልዩነቱ እንግሊዝ 37፣ አየርላንድ 33፣ ዌልስ ደግሞ 12 ብቻ አላት። ጨዋታዎቹ በአንድ ሰዓት አይደሉም። መጀመሪያ ዌልስ ሮም ላይ ከጣሊያን፣ ቀጥሎ አየርላንድ ኤደንብራ ላይ ከስኮትላንድ፣ መጨረሻ እንግሊዝ ለንደን ላይ ከፈረንሳይ።

ካርዲፍ ውስጥ ስቴዲየሙ መሐል ከተማ ነው ያለው። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ዌልስ እዚያው አየርላንድን 23 ለ 16 አሸንፋ ስለነበር ሕዝቡ ገና ከዚያ ስሜት አልወጣም። በዚያ ጨዋታ ሉክ ቻርተሪስ የሚባለው ረጅሙ የዌልስ ተጫዋች ብቻውን 31 ጊዜ ሰው ይዞ ጥሏል። አየርላንዶች መስመሩ አፍ ላይ ቆመው ደቂቃ ሙሉ ገፍተው ገፍተው ማለፍ ያቃታቸው ጊዜ ነበር። እኔ ራግቢን የወደድኩት ያን ቀን ነው ብል አልዋሸሁም።

የመጨረሻው ቅዳሜ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ የምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ። ከመደርደሪያው ላይ ትንሽ ቴሌቪዥን አለች። የመጀመሪያው አጋማሽ 14 ለ 13 አለቀ፤ ዌልስ በአንድ ነጥብ ብቻ ትመራለች። ሁሉም ተስፋ ቆርጦ ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰ። ከእረፍት በኋላ ግን ጆርጅ ኖርዝ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሦስት ትራይ አስቆጠረ። ቁጥሩ 61 ለ 13 ደረሰ። ዕቃ የሚያጥቡት ሽማግሌ፣ እድሜ ልካቸውን ራግቢ ያዩ ሰው፣ ከትዕዛዝ ወረቀት ጀርባ 12 ሲደመር 48 ብለው ጻፉና «60» የምትለዋን ሁለቴ አሰመሩባት።

ከዚያ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ጣሊያን አንድ ትራይ አገባች። ምቱም ገባ። 61 ለ 20። አሸናፊው የታወቀበት ጨዋታ ስለነበር ካፌ የተቀመጠ ሰው እንኳን ቀና ብሎ አላየውም ይሆናል። ሽማግሌው ግን 60ን ሰርዘው 53 ጻፉ፤ ወረቀቱንም አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። አየርላንድ ዌልስን ለመብለጥ በ28 ነጥብ ልዩነት ማሸነፍ ሊያስፈልጋት ሲል ወደ 21 ወረደላት ማለት ነው።

አየርላንድ ያንን ይዛ ገባች። አምበሉ ፖል ኦኮኔል፣ የ35 ዓመት ሰው፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ራሱ ትራይ አስቆጠረ። 40 ለ 10 አለቀ። ካየኸው ግን አንዲት ቅጽበት እንዳታመልጥህ። መጨረሻ አካባቢ የስኮትላንዱ ስቱዋርት ሆግ መስመሩ ላይ ተወርውሮ ኳሱን ሊያሳርፍ ሲል የአየርላንዱ ጄሚ ሂስሊፕ ከጎን መጥቶ መታውና ኳሱ ከእጁ አመለጠ። ትራይ ሳይሆን ቀረ። ይህን ሒሳብ ያዘው፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን የአየርላንድ ልዩነት 63 ሆነ። እንግሊዝ ዋንጫውን ለመውሰድ ፈረንሳይን በ26 ነጥብ ማሸነፍ አለባት። ፈረንሳይን በ26! ይሆናል ያለ ብዙ ሰው አልነበረም። እንግሊዞች ግን ለመከላከል ሳይሆን ለማጥቃት ብቻ ወጡ። ፈረንሳይም መልሳ አጠቃች፤ እንዲያውም መርታ ነበር። እረፍት ላይ እንግሊዝ 27 ለ 15 መራች። በጠቅላላው እንግሊዝ ሰባት፣ ፈረንሳይ አምስት ትራይ አስቆጠሩ። በመጨረሻው ሰዓት 55 ለ 35 ነው። አንድ ትራይና የእሱ ምት ከገባ ዋንጫው የእንግሊዝ ነው። ኳሱን አቅፈው፣ ተያይዘው፣ ወደ ፈረንሳይ መስመር እየገፉ ነበር። አልሆነም።

አየርላንዶች እዚያው ኤደንብራ ስቴዲየም ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር። ዋንጫው የተሰጣቸውም በምሽት፣ ሳይሄዱ በቀሩት ደጋፊዎቻቸው ፊት ነው። አየርላንድ ሁለት ዓመት በተከታታይ ስታሸንፍ ከ1949 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። የመጨረሻው ልዩነት አየርላንድ 63፣ እንግሊዝ 57፣ ዌልስ 53።

አሁን የሂስሊፕን ነገር አስላው። ሆግ ትራዩን አግብቶ ምቱም ቢሳካ ኖሮ ጨዋታው 40 ለ 17 ነበር፤ የአየርላንድ ልዩነት 56 ይሆናል። እንግሊዝ 57 አላት። በዚያ ቁጥር ዋንጫው ለንደን ይቀር ነበር። ጨዋታው ያለቀለት በሚመስልበት ሰዓት አንድ ሰው ስላልደከመው!

ብዙ ሰው «እንግሊዝ የሚያስፈልጋትን ቁጥር አውቃ መጫወቷ ጥቅም ነው፣ ሦስቱም በአንድ ሰዓት መጫወት ነበረባቸው» ይላል። በዓለም ዋንጫ ኳስ የምድቡ የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት የሚደረጉት ለዚህ ነው። እኔ ግን እንግሊዝ የተጎዳችው በማወቋ ይመስለኛል። 26ን ስታሳድድ በሯን ከፍታ ገባች፤ 35 ነጥብ ተቆጠረባት። በልዩነት ሒሳብ ደግሞ የሚገባብህም ከምታገባው እኩል ይቆጠራል። ከሁሉም የተበደለችው መጀመሪያ የተጫወተችው ዌልስ ናት። ስንት እንደሚበቃት ማንም ሊነግራት አይችልም ነበር።

ለዌልስ ሰው ይህን ብትለው ግን አይቀበልህም። ጣሊያንን አይከስም። የሚያንገበግበው የመክፈቻው ምሽት ነው፦ ፌብሩዋሪ 6፣ ካርዲፍ ላይ እንግሊዝን እስከ እረፍት 16 ለ 8 ስትመራ ቆይታ 21 ለ 16 ተሸነፈች። የቀሩትን አራቱን ሁሉ አሸንፋለች። ያን ምሽት ብትይዘው ኖሮ አምስቱንም አሸንፋ ያለ ምንም ቅነሳ ሻምፒዮን ነበረች። ሽማግሌው ባልደረባዬም ከ61 ለ 20ው ይልቅ ስለዚያ ሁለተኛ አጋማሽ ነው ሲያወሩ የኖሩት።

ሙሉ ጨዋታዎቹን ካገኘህ በቅደም ተከተላቸው እያቸው፦ ሮም፣ ኤደንብራ፣ ለንደን። ብዕርና ወረቀት አጠገብህ ይሁን። ጊዜ ከሌለህ የለንደኑን ብቻ እይ፤ ስታየው ግን 26 የምትለውን ቁጥር አትርሳ። ደንቡ ላይ የሚያደናግርህ ካለ እዚሁ ጻፍልኝ፣ ከሥራ ስወጣ እመልስልሃለሁ።