የአንባቢያን ጥያቄ፦ የማይተኩስ መሣሪያ ለአርበኞች ቀን ትርኢት

ጥያቄ፦ ለሚያዝያ 27 ጣልያኖች በዘረት ዋሻ በአርበኞችና በቤተሰቦቻቸው ላይ የፈጸሙትን ጭፍጨፋ ታሪክ በመድረክ ልናሳይ ተዘጋጅተናል። ለጣልያን ወታደሮች በሙሉ የእጅ መትረየስ ልናሠራላቸው አስበናል። ከዘመኑ ጋር ይሄዳል? (የቴአትር ክበብ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አይሄድም። የዘረት ጭፍጨፋ የሆነው በሚያዝያ 1931 (እ.ኤ.አ. 1939) ነው። በዚያን ጊዜ የጣልያን እግረኛ ዋና መሣሪያ ካርካኖ ጠመንጃ ነበር፤ ርዝመቱ 128 ሴ.ሜ. ተኩል፣ ካዝናው ስድስት ጥይት የሚይዝ። ቤሬታ ሞዴል 38 የሚባለው የእጅ መትረየስ ስሙ እንደሚነግረን እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣ ነው፤ መጀመሪያ ከታጠቁት አንዱም የቅኝ ግዛቱ ፖሊስ ነበር። ስለዚህ ለአሥር ወታደር ዘጠኝ ካርካኖ አሠሩ። መትረየስ ከፈለጋችሁ አንድ ብቻ ይኑር፤ እሱንም ለፖሊስ ገጸ ባሕርይ ስጡት። ለማይጨው ትዕይንት ግን አንድም አይግባ፤ ጦርነቱ በ1928 (እ.ኤ.አ. 1936) ነው፣ መሣሪያው ገና አልተሠራም።

አርበኞቹን ደግሞ አንድ ዓይነት አታስታጥቋቸው። ውጅግራ (130 ሴ.ሜ. ገደማ፣ አንድ በአንድ የሚጎርስ)፣ ምንሽር፣ ከጠላት የተማረከ ካርካኖ፣ ጥቂቶቹም ጎራዴና ጋሻ ብቻ ይያዙ። የመንዝና የቡልጋ አርበኛ የታገለው በእጁ በገባው መሣሪያ ነው፤ ተመልካቹም ይህን ማየት አለበት።

ጥያቄ፦ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ቤሬታ 38ን በእንጨት እንድሠራ ታዝዣለሁ፤ ልኩንና አሠራሩን ብትነግሩኝ? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ጠቅላላ ርዝመቱ 95 ሴ.ሜ. ገደማ ነው። በትክክል ከጎን የተነሳ ፎቶ ፈልገው ከጫፍ ጫፍ 95 እስኪሆን አስፍተው ያሳትሙ፤ በካርቶን ላይ ይለጥፉና ቅርጹን ይቁረጡ። በሰያፍ ከተነሳ ፎቶ የወጣ ልክ ሰደፉን ያሳጥርና አፈሙዙን ያረዝማል፤ ብዙ ቅጂ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ለሰደፉ 4 ሴ.ሜ. ውፍረት፣ 20 ሴ.ሜ. ስፋት ያለው ደረቅ የዋንዛ ጣውላ ይበቃል። የእንጨቱ ጅማት በርዝመቱ፣ በተለይ እጅ በሚጨብጠው ቀጭን አንገት ላይ፣ ሳይቆራረጥ መሄድ አለበት። ጅማቱ አንገቱን አቋርጦ ከሄደ መሣሪያው አንዴ ሲወድቅ ለሁለት ይከፈላል። ቀጥ ያለ ጅማት ካጡ በአንገቱ ውስጥ 12 ሴ.ሜ. የሚሆን ባለ 8 ፌሮ በኢፖክሲ ማጣበቂያ ይቅበሩ። አንገቱ 3 ሴ.ሜ. ያህል ይቅጠን፤ የሰደፉ መጨረሻ 4 ሴ.ሜ. እንዳለ ይቅር።

አካሉንና አፈሙዙን ከአንድ ወጥ ድፍን እንጨት በቶርኖ ያስወጡ፦ ርዝመት 64 ሴ.ሜ.፣ ውፍረት 3 ሴ.ሜ. ተኩል። የብረት ቱቦ በፍጹም አይጠቀሙ። ቱቦ የገባበት ቅጂ ሌላ እጅ ቢነካካው ወደ እውነተኛ መሣሪያ ሊጠጋ ይችላል፣ በሕግ ፊትም መከራከሪያ ያሳጣል። በድፍኑ እንጨት ጫፍ ላይ 1 ሴ.ሜ. ብቻ የጠለቀ ጉድጓድ በስተው ውስጡን ጥቁር ቢቀቡት ከመድረክ በታች ላለ ሰው ልዩነቱ አይታይም።

የአፈሙዙ ሽፋን ማቀዝቀዣ ቀዳዳዎች አሉት። በመጀመሪያዎቹ ቤሬታዎች ሞላላ፣ በኋላኞቹ ክብ ናቸው። ክቡ ለመሥራት ይቀላል፦ ባለ 8 ሚሊ ፖንታ፣ ጥልቀት 6 ሚሊ። ቦታውን በወረቀት ጥቅልል አስቀድመው ምልክት ያድርጉ፣ በሚስማር ጫፍ ወጋ ያድርጉት፣ ከዚያ ይብሱ። ምልክት በሌለው ክብ እንጨት ላይ ፖንታው ይንሸራተታል፣ መስመሩም ይጠማዘዛል።

ይህን መሣሪያ ከሌላው የሚለየው ሁለት ምላጭ ነው፦ የፊቱ ለነጠላ፣ የኋላው ለተከታታይ ተኩስ። ሁለቱንም ከባለ 3 ሚሊ ላሜራ ቆርጠው እንዳይንቀሳቀሱ ይቸክሏቸው። መሳቢያው እጀታ በቀኝ፣ የቀለህ መውጫው በግራ በኩል ነው፤ እነዚህን ማገለባበጥ የተለመደ ስሕተት ነው። ካዝናው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከሰደፉ ጋር በኮላ ብቻ ካያያዙት ተዋናዩ ሲንበረከክ ይነቀላል፣ ሁለት ረዣዥም ቪት ከላይ ያስገቡ።

እውነተኛው ባዶውን ከ4 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የእንጨቱ ቅጂ በጣም ስለሚቀል ተዋናዩ እንደ ሸምበቆ ያወዛውዘዋል። በሰደፉ መጨረሻ በኩል ሦስት ጉድጓድ በስተው 15 ሴ.ሜ. ርዝመት ያላቸው ባለ 16 ፌሮ ቁራጮች ይክተቱ፤ ሦስቱ 700 ግራም ያህል ይጨምራሉ። በኢፖክሲ ካልታሰሩ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ይንቋቋሉ።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዛፍ የሠራናቸው ጠመንጃዎች በወሩ ተጣመሙ፣ ተሰነጠቁም። ምን እናድርግ? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ እንጨቱ እርጥብ ነበር። የተጣመመው አይቃናም፤ ለሩቅ ተሰላፊ ይስጡት። ጣውላ በጥላ ሥር፣ አየር በሚያገኝ ርብራብ ላይ ለያንዳንዱ 2 ሴ.ሜ. ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይደር። ሁለቱን ጫፎች ቀለም ቀቧቸው፤ ውሃ በጫፍ በኩል ቶሎ ስለሚወጣ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጊዜ ከሌላችሁ ከፈረሰ ቤት ወይም ከአሮጌ አልጋ የወጣ እንጨት ግዙ።

ማጠናቀቂያውም ዋጋ አለው። ብርጭቆ ወረቀት 80፣ 120፣ 220 በቅደም ተከተል፤ ከዚያ የተልባ ዘይት በስሱ ሁለት ጊዜ። በእናንተ ብርድ አንዱ እስኪደርቅ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። በዘይቱ የራሰውን ጨርቅ ጨምድዳችሁ አትጣሉት፤ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል፣ ዘርግታችሁ አድርቁት። ለብረት መሳዩ ክፍል የማያብለጨልጭ ጥቁር ቀቡ፤ ሲደርቅ ጠርዝ ጠርዙን በመጻፊያ እርሳስ (ግራፋይት) ዱቄት አሹት።

ጥያቄ፦ አረር የሌለው ጥይት የሚተኩስ ቅጂ ቢሠራልን ድምፁም ጭሱም እውነት ይመስል ነበር። ይቻላል? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ አትሞክሩት። አረር ባይኖረውም ባሩዱ አለ፤ ከአፈሙዙ የሚወጣው ጋዝ በቅርብ ርቀት ይገድላል። አሜሪካዊው ተዋናይ ጆን ኤሪክ ሄክሰም እ.ኤ.አ. በ1984 የሞተው እንዲህ ያለውን ጥይት በጨዋታ ጭንቅላቱ ላይ አስጠግቶ በመተኮሱ ነው። በዚህ ላይ ጥይት የሚያፈነዳ ማናቸውም ዕቃ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያ ጥያቄ ያስነሳል፤ በየጋራዡ የሚበየድ ነገር አይደለም።

ድምፁን ከመሣሪያው ለዩት። ለነጠላ ተኩስ 50 ሴ.ሜ. ርዝመት፣ 2 ሴ.ሜ. ውፍረት ያላቸውን ሁለት ጣውላዎች በማጠፊያ አገናኙና ከመጋረጃ ጀርባ በኃይል አጋጯቸው፤ በአዳራሽ ውስጥ የጠመንጃ ድምፅ በደንብ ይሰጣል። ለመትረየሱ የተቀዳ ድምፅ በድምፅ ማጉያ አውጡ። ቤሬታው በሰከንድ አሥር ጥይት ገደማ ይተፋል፤ ባለ 20 ካዝና በሁለት ሰከንድ ያልቃል ማለት ነው። ስለዚህ ድምፁ አጭር አጭር ይሁን። ግማሽ ደቂቃ ያለማቋረጥ የሚያንጣጣ ተዋናይ የመሣሪያውን ጠባይ አያውቅም።

ጥያቄ፦ ቅጂዎቹን ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ለማጓጓዝ ምን ያስፈልጋል? (የባህል ቡድን አስተባባሪ)

መልስ፦ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ለአካባቢው ፖሊስ አሳውቁ፤ ብዛታቸውን፣ የተሠሩበትን ዕቃና የትርኢቱን ቀን የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ከባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያዙ። መሣሪያዎቹ በሣጥን ተቆልፈው በአንድ መኪና ይሂዱ፤ ማንም ተዋናይ በትከሻው አንግቶ መንገድ ላይ አይታይ። ኬላ ላይ ሣጥኑን ራሳችሁ አትክፈቱ፤ ምን እንዳለበት በቃል ተናግራችሁ ደብዳቤውን ስጡ፣ ፈታሹ ይክፈተው። በልምምድ ጊዜ አፈሙዙ ላይ ቀይ ፕላስተር ጠቅልሉ፤ የሚነሳው መድረክ ላይ ሊወጣ ሲል ብቻ ነው።