«ኩቡን የሰበርኩት እኔ፣ የተሸለሙት እሳቸው»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ሥራዬ ስለሆነ፣ አንዴ ደግሞ ስላናደደኝ።

ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ፦ ጠያቂያችን በአንድ የኢንጂነሪንግ ተቋም ማቴሪያል ላብራቶሪ ውስጥ 9 ዓመት በቴክኒካል አሲስታንትነት ሠርቷል። ዘንድሮ ምስጉን መምህራንና ሠራተኞች ሲሸለሙ፣ አንድ መምህር በምርምር አሸነፉ። የምርምሩን 54 የኮንክሪት ኩብ የሞላው፣ ውሃ ውስጥ የነከረው፣ ጥንካሬው እንዲለካ ቀኑን ቆጥሮ በማሽን የሰበረው እሱ ነው። ከድጋፍ ሰጪ ሠራተኞች የተሸለመችው የዲኑ ጸሐፊ ናት። ኮንትራክተር አጎቱ «ደሞዝህን እጥፍ አድርጌ ልውሰድህ» ይሉታል፤ እናቱ «የመንግሥት ሥራ እንዳትለቅ» ይላሉ። ልልቀቅ፣ ልቆይ ወይስ ማስተርስ ልማር ብሎ ይጠይቃል።

ጸሐፊዋን ተዋት፣ ምንም አላጠፋችም። ኮሚቴ የሚሸልመው ጠረጴዛው ላይ የደረሰለትን ነው። መምህሩ ለማዕረግ እድገት ሲሉ የታተመ ጽሑፋቸውን፣ የተማሪ ግምገማቸውን በፋይል ሲሰበስቡ ኖረዋል። ያንተ ሥራ ግን በሌላ ሰው ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ቁጥር ሆኖ ይቀራል። 15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነው የኩብ ፊት ትንሽ ቢጣመም ሊችለው ከሚገባው ባነሰ ጭነት ይሰበራል፣ ተመራማሪውም ሲሚንቶውን ይወቅሳል። ካልተጣመመ ደግሞ ማን እንዳስተካከለው የሚጠይቅ የለም። ሲ-25 የተባለ፣ ማለትም ጥንካሬው 25 ሜጋፓስካል መድረስ ያለበት ኩብ ለመሰበር 57 ቶን ገደማ ጭነት ይፈልጋል፤ የሚሰበርበት 28ኛው ቀን እሑድ ቢውል፣ የፋሲካ ማግስት ቢውል አይጠብቅህም። እነዚያን እሑዶች የት ጻፍካቸው? ደብዳቤህ ውስጥ ፈልጌ ያጣሁት ይህን ነው።

እኔ አፈር ላብራቶሪ ውስጥ 7 ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ዓመት እኔም ተሸለምኩ፤ በመስታወት የታሰረ ወረቀትና አንድ ፔርሙስ። (ፔርሙሱ እስከ ዛሬ ሻይ ይይዛል፤ ወረቀቱ የት እንደገባ እንጃ።) ለመንገድ ፕሮጀክት አማካሪ ድርጅት ስወዳደር ሬዚደንት ኢንጂነሩ (ግንባታውን ቦታው ላይ ሆነው የሚቆጣጠሩት) ወረቀቱን ገልብጠው አስቀመጡትና «ውጤትሽን ተጠራጥረሽ ደግመሽ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። ከቦርሳዬ ደብተሬን አወጣሁ። ዕቃ በተበላሸ ቁጥር ጣት ወደኔ ስለሚቀሰር፣ ራሴን ለመከላከል ብዬ የያዝኩት ደብተር ነው። ሚዛኑ ሲዛባ የደረስኩበት ቀን፣ ደግሜ የሠራኋቸው ናሙናዎች፣ ሁሉም አለ። ሦስት ገጽ አንብበው «መቼ ትጀምሪያለሽ?» አሉኝ።

ስለዚህ አንተም ደብተር ያዝ። የትኛውን ሙከራ ለማን ሠራህ፣ ማሽኑ መቼ ካሊብሬት ተደረገ (ልኬቱ ትክክል መሆኑ ተረጋገጠ)፣ የቱን ስህተት አንተ ያዝክ። ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ግባና የማስተርስ ቴሲሶቹን የምስጋና ገጽ ፎቶ አንሳ። «ተማሪዎች ያመሰግኑኛል» ብለሃል፤ የአባትህን ስም ሳይጠይቁ በስምህ ብቻ የጻፉህም ይቆጠራሉ። ይህን ይዘህ ለክፍል ኃላፊው በጽሑፍ ሁለት ነገር ጠይቅ፦ በሚታተሙ ጽሑፎች ላይ ሥራህ በስም እንዲገለጽ፣ ለላብራቶሪና ለወርክሾፕ ባለሙያ ደግሞ ራሱን የቻለ የሽልማት ዘርፍ እንዲኖር። የቅንጦት ጥያቄ እንዳይመስልህ። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2017 ዩኒቨርሲቲዎች የቴክኒሻኖቻቸውን ሥራ ለማሳየትና ለማክበር ቃል የሚገቡበት ሰነድ ወጥቶ ብዙዎች ፈርመውበታል። እዚህም ላብራቶሪያችሁ አንድ ቀን በአይኤስኦ 17025 (የሙከራ ላብራቶሪዎች ብቃት በሚለካበት ዓለም አቀፍ መስፈርት) እውቅና ልውሰድ ቢል፣ ከኢትዮጵያ አክሪዲቴሽን አገልግሎት የሚመጣው ገምጋሚ እንዲህ ያለውን መዝገብ ያያል፣ ሙከራውን የሚሠራውን ሰው ችሎታም ይመዝናል።

ስለ አጎትህ እቅጩን ልንገርህ። ዛሬ ማታ ደውልላቸውና «25 መድረስ ያለበት ኩብ 19 ቢያወጣ ምን ብዬ ልፈርም?» በላቸው። ከሳቁ፣ እጥፍ ደሞዙ የሚከፈልህ ለፊርማህ ነው። ድልድዩ ሲሰነጠቅ ፊርማው ያንተ ነው፣ ዝምድናውም አያድንህም። እናትህ ደግሞ ደሞዝ ወር የሚያደርስበትን ዘመን አይተው ነው የሚናገሩት። አክብራቸው፤ የቤት ኪራይህን የሚከፍሉት ግን እሳቸው አይደሉም።

ማስተርስ ላልከው፣ ተቋሙ ለሠራተኛ የሚሰጠው የትምህርት ዕድል ካለ ተጠቀም፤ ከሌለ ዘንድሮ አትበደርበት።

እኔ ብሆን ተቀይሜ ነገ አልወጣም፤ አንድ ዓመት ደብተሬን ሞልቼ ወደ አማካሪ ድርጅት እሄዳለሁ። የመጀመሪያውን ገጽ በ54ቱ ኩቦች ጀምር። የተሞሉበት ቀን ማሽኑ አጠገብ በተንጠለጠለው መዝገብ ላይ፣ በእጅ ጽሑፍህ አሁንም አለ ብለኸኛል።