የቨርቴክስ ጥያቄዎች፦ ከሐዋሳ የሒሳብ መምህር ጋር

ሐዋሳ ውስጥ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ዛሬ ማታ ስለ ኳድራቲክ ፈንክሽን (ኤ·ኤክስ² + ቢ·ኤክስ + ሲ) ቨርቴክስ፣ ማለትም ግራፉ ስለሚታጠፍበት ነጥብ፣ ጠይቁኝ። ጥያቄውን ሙሉውን ጻፉ።

ተማሪ፦ መምህር፣ የ2ኤክስ² − 12ኤክስ + 7 ቨርቴክስ (−3፣ 61) መጣልኝ። መልሱ ግን (3፣ −11) ነው ይላል።

መምህር፦ የሳትከው ምልክቱን ነው። ቢ 12 ሳይሆን −12 ነው፤ ስለዚህ የቨርቴክሱ ኤክስ በቀመሩ −ቢ/2ኤ፣ ማለትም 12/4 = 3 ነው። ምልክቱን ከቁጥሩ አትነጥል! አሁን ግን ቀመሩን ተወውና መጨረሻ ላይ ያለውን 7 በጣትህ ሸፍነው። የሚቀረው 2ኤክስ(ኤክስ − 6) ዜሮ የሚሆነው በ0 እና በ6 ላይ ነው። የፓራቦላ (የዚህ ግራፍ ቅርጽ) ግራና ቀኝ እኩል ስለሆነ ቨርቴክሱ የግድ መሀላቸው፣ 3 ላይ ይውላል። 7ቱ ግራፉን ወደ ላይ ያነሳዋል እንጂ ወደ ጎን አይገፋውም። ከዚያ 3ን በሙሉው ውስጥ አስገባ፦ 18 − 36 + 7 = −11። ቀመሩም የተወለደው ከዚሁ ነው፦ ኤክስ(ኤ·ኤክስ + ቢ) በ0 እና በ−ቢ/ኤ ላይ ዜሮ ይሆናል፤ የሁለቱ መሀል −ቢ/2ኤ ነው። ይህን ያየ ተማሪ ቀመሩ ቢጠፋው እንኳ አይደነግጥም።

ተማሪ፦ ግራፉ የኤክስን መስመር ጨርሶ ካልነካስ?

መምህር፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ልጄ። ኤክስ² − 4ኤክስ + 9 መስመሩን አይነካም። 9ን ስትሸፍኚው 0 እና 4 ይወጣሉ፤ መሀላቸው 2፣ ዋይ ደግሞ 4 − 8 + 9 = 5። የምንፈልገው ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ነጥቦችን ብቻ ነው።

ወላጅ፦ መምህር፣ ለልጄ የትኛውን አጋዥ መጽሐፍ ልግዛለት?

መምህር፦ የመማሪያ መጽሐፉን መልመጃዎች ይጨርስ፤ ይበቁታል።

ተማሪ፦ ይህ ነገር ለኑሮ ምን ይረዳል?

መምህር፦ 40 ሜትር አጥር አለህ። ሐይቁ ዳር የጎመን መደብ በሦስት ጎን ልታጥር ነው፤ አራተኛው ጎን ውኃው ነው። ወርዱ ኤክስ ቢሆን ስፋቱ ኤክስ(40 − 2ኤክስ) ነው። ዜሮዎቹ 0 እና 20፣ መሀላቸው 10፤ ትልቁ ስፋት 200 ካሬ ሜትር። ኤ ኔጌቲቭ ስለሆነ ቨርቴክሱ ጫፍ እንጂ ወለል አይደለም።

ነዋሪ፦ ሐይቁ ዳር ማረስ ግን ልክ አይደለም። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የታጠበው አፈር እዚያው ይቀራል።

ሌላ ነዋሪ፦ ገበሬው ታዲያ የት ይሂድ? ደለሉ የሚመጣው በአብዛኛው ከላይ ከተራቆተው መሬት ነው።

ነዋሪ፦ ከላይም ይምጣ፣ ዳርቻው ሣርና ደንገል ካለው ያጣራዋል።

መምህር፦ ስለ ሐይቁ የምትሉት ይገባኛል፣ እኔንም ያሳስበኛል። እንግዲያው ውኃውን በረጅም ግንብ ተኩት፤ ስሌቱ ያው ነው። ወደ ሒሳቡ እንመለስ።

ተማሪ፦ መምህር፣ ቨርቴክስ እንዴት ነው የሚወጣው?

መምህር፦ ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ከላይ አንብብ። የቸገረህን ፈንክሽን ጻፍ።

ተማሪ፦ −ኤክስ² + 8ኤክስ − 3። 0 እና 8፣ መሀሉ 4። መልሱ 4 ነው?

መምህር፦ 4 የኤክሱ ብቻ ነው። ቨርቴክስ ነጥብ ነው፤ ዋዩን ሳታወጣ እስክሪብቶህን አታስቀምጥ!

ተማሪ፦ −16 + 32 − 3... (4፣ 13)።

መምህር፦ ትክክል። ቀጣይ ጠያቂ።