የኬልት ጥምዝምዝ ንድፍ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ኬልቶች፣ በጥንት አውሮፓ ይኖሩ ስለነበሩት ሕዝቦች፣ የጥምዝምዝ ንድፍ ብዙ ጥያቄ ልካችሁልኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሦስት ጥምዝምዝ የተያያዘበትን ምልክት የፈጠሩት ኬልቶች ናቸው አይደል?

መልስ፦ አይደሉም። ከሁሉ ዝነኛው የሚገኘው አየርላንድ ውስጥ፣ ኒውግሬንጅ በሚባል የመቃብር ጉብታ ድንጋይ ላይ ነው። ጉብታው የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ገደማ ነው። ከጊዛው ትልቁ ፒራሚድም ይቀድማል። የኬልት ጥበብ የምንለው ግን ብቅ ያለው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን ነው። በመካከላቸው ከ2,500 ዓመት በላይ አለ። ጌጥ ሻጮች «ጥንታዊ የኬልት ምልክት» እያሉ ሲቸበችቡት ይቺን አያነሷትም።

ጥያቄ፦ ታዲያ የራሳቸው የኬልቶቹ የትኛው ነው?

መልስ፦ ላ ቴን የሚባለው ስልት። ስሙን ያገኘው ስዊዘርላንድ ውስጥ ኑሻቴል ሐይቅ ዳር ካለ ቦታ ነው። አንጥረኞቹ ከግሪክና ከኤትሩስካን (በጥንት ጣሊያን ይኖር የነበረ ሕዝብ) ዕቃ ላይ የቅጠልና የአበባ ንድፍ ወሰዱ። ከዚያ እያጣመሙ፣ እያዞሩ የራሳቸው አደረጉት። በጋሻ፣ በሰይፍ አፎት፣ በመስታወት ጀርባ ላይ ታገኙታላችሁ። የሚያምር ማየት የፈለገ ብሪቲሽ ሙዚየም ያለውን የዴስቦሮን የነሐስ መስታወት ይመልከት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሦስቱ ጥምዝምዝ ትርጉም ልደት፣ ሞትና ዳግም ልደት ነው ይላሉ። ልነቀሰው አስቤ ነበር።

መልስ፦ የኒውግሬንጅ ሰዎች ጽሕፈት አልነበራቸውም። የኬልት ካህናት፣ ድሩይዶቹ፣ ትምህርታቸውን በጽሑፍ እንደማያሰፍሩ ደግሞ ዩልየስ ቄሳር ጽፏል። ስለዚህ የምታነቢው ትርጉም ሁሉ ኋላ የተለጠፈ ነው። ካማረሽ ግን ተነቀሺው፣ ማን ይከለክልሻል?

ጥያቄ፦ ክርስትና ሲመጣ ጥምዝምዙ ጠፋ?

መልስ፦ እንዲያውም ብራና ላይ ወጣ። በ700 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተሠራው የሊንዲስፋርን ወንጌልና በ800 ገደማ የተሠራው የኬልስ መጽሐፍ፣ ሁለቱም መነኮሳት በእጅ የጻፏቸው የወንጌል መጻሕፍት፣ በጥምዝምዝ የተሞሉ ናቸው። የሊንዲስፋርኑ ገጽ ጀርባ ላይ ኮምፓስ (ክብ መሳያው) የወጋቸው ቀዳዳዎች እስከ ዛሬ ይታያሉ። እና በእጅ ብቻ መሳል ያቃታችሁ፣ አትፈሩ፤ መነኮሳቱም በመሣሪያ ነው የሠሩት።

ጥያቄ፦ የእኛ የብራና ሐረግ ከነሱ ጋር ለምን ይመሳሰላል?

መልስ፦ የሚመሳሰለው ጥልፍልፉ ነው፣ ጥምዝምዙ አይደለም። ጥልፍልፍ ለኬልቶችም ከውጭ የመጣ ነው። በሜዲትራንያን ዙሪያ የተለመደ ነበር፣ የግብፅ ኮፕቶችም ይሠሩበት ነበር። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከኮፕቶች ጋር የነበራትን ትስስር ታውቃላችሁ። ዝምድና የሚፈለገው በዚያ በኩል ነው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ እንዴት ልጀምር?

መልስ፦ በማስመሪያ አግድም መስመር አስምር። መስመሩ ላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የተራራቁ ሁለት ነጥቦች አድርግ፣ «ሀ» ግራ፣ «ለ» ቀኝ። ኮምፓሱን «ሀ» ላይ ተክለህ ከ«ለ» ጀምር፤ ከመስመሩ በላይ ግማሽ ክብ ሳል። አሁን «ለ» ላይ ትከል። ኮምፓሱን መስመርህ እስካቆመበት ድረስ ክፈተውና ከታች ግማሽ ክብ ሳል። ወደ «ሀ» ተመለስ፣ እንደገና ከላይ። እንዲህ እያፈራረቅህ ቀጥል። በዙሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ሁልጊዜ የነጥቦቹ ርቀት እጥፍ፣ ማለትም 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ጥያቄ፦ የኔ ቀንድ አውጣ ነው የሚመስለው፣ ኬልትነት የለውም።

መልስ፦ ጥምዝምዙን ብቻውን ስለተውሽው ነው። ጨዋታው ያለው መገናኛው ላይ ነው። ሦስት እኩል ክቦች እርስ በርስ እንዲነካኩ አድርገሽ ሳይ። በየክቡ ውስጥ ጥምዝምዝ አስገቢ፤ የመጨረሻውን መስመር ግን አትዝጊው፣ ወደ ጎረቤቱ አሻግሪው። ሁለቱ ከመሃላቸው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚዞሩ ከሆነ መሻገሪያው የላቲኑን ኤስ ይመስላል፤ በተቃራኒ ከዞሩ ሲ ይሆናል። መሻገሪያውን ባለ ሁለት መስመር አድርጊው። ከጥምዝምዙ ሲወጣ ቀጭን ይሁን፣ እየሄደ ይስፋ፣ አፉን በትንሽ ቅስት ዝጊው። ባለሙያዎቹ መለከት የሚሉት ይሄን ነው። በመጨረሻ የተረፈውን ባዶ ቦታ በጥቁር ሙዪ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሰንፋል፣ ግን ንድፉን የሚያወጣው ጥቁሩ ነው።

ጥያቄ፦ ኮምፓስ ከሌለኝስ?

መልስ፦ ወፍራም ማርከር ወረቀቱ ላይ አቁመህ ክር ጠምጥምበት። የክሩን ጫፍ እርሳስ ላይ እሰርና፣ ክሩን ወጥረህ እየፈታህ ዙር። ማርከሩ በወፈረ ቁጥር ዙሮቹ ይራራቃሉ።