«መጠሪያው ነው እንጂ አልሰደብኩም» ለምትሉ

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ሰነበቱ፣ ከአዘዞ ነው። በፆሙ ፌስቡክ ላይ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ስንከራከር አንዱ ልጅ «ነፍጠኛ» ሲለኝ እኔም «እናንተ ካድሬዎች» አልኩት። ሁለቱም መጠሪያ እንጂ ስድብ አይደሉም፣ ለንስሐ አባቴ መናገር አለብኝ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ወንድሜ። አዎ፣ ተናገር። ስለ ፆሙ አንተም ታውቃለህ፣ «መጠሪያ እኮ ነው» የምትለዋን ግን ከብዙ ምእመን አፍ ስለሰማኋት እሷ ላይ ልቆይ።

ቃሉማ ምን አለበት? ነፍጠኛ ነፍጥ የያዘ ነው፣ ካድሬ የፓርቲ ሰው ነው፣ ባንዳ እንኳን በጣሊያንኛ ቡድን ማለት ነበር። ጠይብም ከግእዙ ጠቢብ የወጣ ነው። ልጅ ሆኜ እናቴ ማረሻ የሚሠራልንን ሰውዬ ፊት ለፊት «አያ» እያለች በክብር ታናግረውና ገና ከደጁ ራቅ ስንል ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጠይብ ነው፣ እንዳያይህ» ብላ ነጠላዋን ፊቴ ላይ ትጥልብኝ ነበር። ያው ቃል ነው፣ ግን በዛች ዝቅ ባለች ድምፅ ጠቢቡ ቡዳ ሆነ። ነፍሷን ይማርልኝ፣ እሷም የሰማችውን ነው ያለችው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው እየጠራችሁ አትስደቡ ብለው ሲያውጁ ስድብ ከሆኑት ስሞች መሃል ጠይብም ደብተራም አለ፣ ደብተራ እኮ ጎንደር ላይ ስንት ሊቅ የተጠራበት ስም ነው!

ጌታችንንም «ሳምራዊ ነህ ጋኔንም አለብህ» ብለውታል (ዮሐ. 8፥48)። ሳምራዊ የሕዝብ ስም ነው፣ እነሱ ግን ከጋኔን ጎን አስቀመጡት። የመለሰላቸውን ልብ በል፣ ጋኔን የለብኝም አለ፣ ሳምራዊ አይደለሁም ግን አላለም። ያንን ስም እንደ ነውር አልቆጠረውማ! በሉቃስ 10 ላይ ደግሞ የቆሰለውን ያነሳውን ደጉን ሰው ሳምራዊ አደረገው፣ ሕግ አዋቂው «ባልንጀራው ማነው» ተብሎ ሲጠየቅ «ሳምራዊው» አላለም፣ «ምሕረት ያደረገለት» ብሎ ዞረ እንጂ።

አሁን ወዳንተ ልመለስ። ኮሜንት ላይ የእናቴ ድምፅ አይሰማም፣ ግን «እናንተ» እና «ዎች» ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። የመለስከው ለአንድ ልጅ ነው አይደል? እሱ ያነሳው የማዳበሪያ ዋጋ ነው፣ ያንተ መልስ ላይ ግን ማዳበሪያም የለም ልጁም የለም፣ ወገን ብቻ ነው ያለው። እሱም ቀድሞ ያደረገብህ ይሄንኑ ነው፣ ነፍጠኛ ሲልህ ያመመህ ነፍጥ ስለሌለህ አልነበረም።

ስለዚህ ለንስሐ አባትህ «ኮሜንት ጽፌ ነበር» ብለህ አትለፈው፣ ቃሉን ራሱን ንገራቸው። የጻፍከውን አጥፋና እዛው፣ ሰው ባየበት ቦታ፣ በስሙ ጠርተህ ይቅርታ በለው። ከዛ ስለ ማዳበሪያው የምትለው ካለህ በለው።